የባቄላ እሸት እስረኞች

ወንድ ልጅ በጀርባው ምን ምን መሸከም እንደሚገባው አባቴ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ጠብመንጃ፣ ስንቅ፣ ሲብስም የቆሰለ ወዳጅ። ከዚያ ውጪ ያለው የሴትና የአህያ ነው ይሉ ነበር፤ ያውም ሴቶች እየሰሟቸው። እኔ ደግሞ የከተማ ሰው ነኝ። በደርግ ዘመን ኮልፌ ውስጥ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ተከራይቼ፣ በጠዋት ፈረቃ ሒሳብ እያስተማርኩ እኖር ነበር። ሦስት ልጅ ወልጄ ሽንት ጨርቅ በእጄ አልነካሁም፤ ራሴን ግን ዘመናዊ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ልጆቹን ላስተዋውቃችሁ። ትልቋ ሰናይት ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቤቱን ከእናቷ እኩል የምታዝዝ አሮጊት ናት። ሀብቴ አራት ዓመቱ ሲሆን ያገኘውን ሁሉ ሸሚዙ ውስጥ የሚከት ልጅ ነው። ትንሿ ገና ዓመት አልሞላትም። ትዕግሥት ብለን ስም አወጣንላት፤ እሷ ግን በስሟ አልተስማማችም። ጡጦዋ ትንሽ ከዘገየ ድምፅዋ ከኛ ቤት ተነስቶ ዋናው አስፋልት ድረስ ይሰማል።

ባለቤቴን አስናቀችን ያን ሰሞን የቀበሌያችን ሴቶች ለአዋላጅነት ሥልጠና መረጧት። ደስታዋን እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ድስት እየጠረገች ብቻዋን ትስቅ ነበር። ትምህርቱ ከሰዓት ነው፤ ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እኔ ልጆቹን ልንይዝ ተስማማን። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። የቀረው አንድ ነገር ነበር። አስናቀች አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት የኔን አባት እንደ ወላጅ አባቷ ነበር የምታያቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ለመታከም ከጎጃም መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተው፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን እያሰሩ ነበር። «ያለ አባባ ምርቃት ከቤት እግሬን አላነሳም» አለችኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነገሩን አነሳንላቸው።

«የሦስት ልጆች እናት ተማሪ ቤት?» አሉ አባቴ። «ልጆቹን ማን ሊይዝ?»

«እኔ» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በሬ ከምታጠምድ ተማር ብለን ብንሰድህ፣ ጭራሽ ሞግዚት ሆነህ አረፍከው?»

አስናቀች አቀረቀረች። እሷ ስታቀረቅር አንጀቴ አይችልም፤ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። «ነገ እሑድ አይደል? አስኑ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለባት። ሦስቱንም ይዤ ሽርሽር እወጣለሁ። እርስዎም አብረውኝ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ። በደህና አውዬ ከመለስኳቸው ይመርቋታል።»

«ካቃተህስ?»

አስናቀች ቀደመችኝ። «ካቃተውማ እተወዋለሁ፣ አባባ» አለች።

እንዲህ ሆኖ የባለቤቴ ዕጣ በእኔ ክንድ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ አስናቀች ዘንቢል አዘጋጀችልን፤ ዳቦ፣ ሁለት ጡጦ ወተት፣ ትርፍ ልብስ። ከታች የታጠፈ ነገር አየሁና ሳወጣው አንቀልባ ነው።

«ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ለማንኛውም።»

«ወንድ መሆኔን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ለማንኛውም ነው አልኩህ።»

ትዕግሥትን በክንዴ ታቅፌ፣ ሀብቴን በሌላው እጄ ይዤ፣ ሰናይት ዘንቢሉን አንጠልጥላ በቀራኒዮ በኩል መንገዱን ተያያዝነው። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከኋላችን ናቸው። ትንሽ እንደሄድን ጥያቄ ጀመሩ።

«የት ነው የምንሄደው?»

«ሽርሽር ነዋ፣ አባባ።»

«እዚያ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«የሞተ የለም? የታመመ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም ወደሌለበት አምስት ነፍስ ይዘህ ትሄዳለህ?» ቆም ብለው ሰማዩን አዩ። «ይኸ ትምህርት የሚሉት ነገር የሰው ራስ ላይ ነው እንዴ የሚወጣው?»

ሕፃን ልጅ ቤት ውስጥ ላባ ናት፤ መንገድ ላይ ግን የወፍጮ ድንጋይ ትሆናለች። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወርኳት። ክንዴ ደነዘዘ። አንቀልባው ትዝ ይለኛል፤ ነገር ግን በኮልፌ ጎዳና፣ ተማሪዎቼ በሚያዩኝ መንገድ፣ መምህር ጌጡ ልጅ አዝሎ? ሞቼ እገኛለሁ። «ደከመህ?» ይሉኛል አባቴ በየመሀሉ። «ኧረ በፍጹም» እላለሁ። በጢማቸው ስር ሲስቁ አይቻለሁ።

ዛሬ ዓለም ባንክ ብላችሁ ሚኒባስ የምትሳፈሩበት አካባቢ ያኔ ማሳ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። ጤፉ ማዘንበል ጀምሯል፤ ከመንገዱ ዳር ባቄላው ለእሸት ደርሷል። ልጆቹ እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሀብቴ ጥጃ ሲያባርር ቆይቶ ጥጃው ዞር ብሎ ሲያየው ወደኔ እየጮኸ በረረ፤ ጥጃውም በድንጋጤ ወደ እናቱ። ሰናይት ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠች። ትዕግሥት እንኳ ሣር ላይ ሳስቀምጣት ሁለት ጥርሷን እያሳየች አጨበጨበች። እኔም እሰይ፣ ቀኑ የኛ ነው ብዬ ነበር።

ከሁሉም የተለወጡት ግን አባቴ ናቸው። ማሳ ሲያዩ ዕድሜያቸው ቀነሰ። ከማሳው ዳር ባቄላ ቀጠፉና ልጆቹን ሰበሰቡ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ቅጠል!» አለ ሀብቴ። የከተማ ልጅ ነው፤ ባቄላ የሚበቅለው ጆንያ ውስጥ ይመስለዋል።

አባቴ እሸቱን ፈለቀቁና ለስላሳውን ፍሬ አፉ ውስጥ ጣሉለት። የሀብቴ ዓይን ፈጠጠ። «ድገመኝ!» አለ።

«አባባ፣ የሰው ማሳ እኮ ነው» አልኩ።

«እሸት የመንገደኛ ነው። በልቶ ይሄዳል እንጂ ይዞ አይሄድም። ይኸ ሕግ ነው፤ ተማሪ ቤት አላስተማሩህም?»

ልጆቹ ሕጉን ወዲያው ተቀበሉት። እኔም ሁለት ሦስት ቀመስኩ፤ አልዋሽም። አፋችን አረንጓዴ እስኪሆን ስንፈለፍል ከጀርባችን ፉጨት ተሰማ።

«ቁሙ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»

ካኪ ኮት የለበሰ፣ አሮጌ ጠብመንጃ ያነገተ ጥበቃ ነው። ለካ የገባንበት ማሳ የወል እርሻ ኖሯል።

«የማኅበር ንብረት ነው የምትዘርፉት!» አለ።

«ማኅበር ደግ ነገር ነው» አሉ አባቴ በሰላም። «እኛም አገር የሚካኤል ማኅበር አለን። እንግዳ ሲበላ ደስ ይላቸዋል እንጂ አያፏጩም።»

ጥበቃው አልሳቀም። ወደኔ ዞረ። «መታወቂያ!»

ኪሴን ዳሰስኩ። ሌላውን ዳሰስኩ። ለሽርሽሩ ብዬ ሱሪ ለውጫለሁ፤ መታወቂያዬ ከሥራ ሱሪዬ ጋር ቤት ተሰቅሏል። በዚያ ዘመን ያለ መታወቂያ ከቀበሌው ውጪ የተገኘ ሰው ማንነቱ እስኪጣራ ይያዛል፤ ማጣራቱ አንዳንዴ ያሳድራል፣ አንዳንዴም ከማሳደር ያልፋል። እኔ ካደርኩ ደግሞ ሰኞ ጠዋት አስናቀች ለምዝገባ ሳይሆን እኔን ፍለጋ ነው የምትወጣው። ወይ ሱሪ! አልኩ በሆዴ።

እየነዳ የገበሬዎች ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወሰደን። እኔን ጭቃ ቤቷ ውስጥ አስገብቶ በሩ ላይ ቆመ። አባቴንና ልጆቹን ደጅ ካለው ግንድ ላይ አስቀመጣቸው።

«ሊቀ መንበሩ መጥቶ ይወስናል።»

«የት ናቸው?»

«ስብሰባ።»

በዚያ ዘመን እሑድ ሀገሩ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የፈራሁት ጀመረ። ትዕግሥት አለቀሰች። መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ከዚያ ዋና ሥራዋን ተያያዘችው። ሁለቱም ጡጦዎች ባዶ ናቸው። «ልውጣና ላባብላት» ብዬ ለመንኩ፤ «እዚያው» አለኝ ጥበቃው። የሊቀ መንበሩ ባለቤት ከጎረቤት መጥተው ወተት ሰጧት፤ ጠጣችና እንደገና ጮኸች። ሴትየዋ ሊያቅፏት ሲሞክሩ ይባስ አለ። እንቅልፏ መጥቷል፤ ከናቷ ጀርባ ውጪ ደግሞ ቀን ተኝታ አታውቅም። እያንዳንዷ ጩኸት የአስናቀችን ትምህርት ስትቆርስብኝ ይታየኛል። አባቴ ይህን ሁሉ እየሰሙ ነው፤ ይህን ሁሉ እየመዘገቡ ነው።

በግድግዳው ማዶ የሰናይት ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ እማዬ እንዲህ ስትሆን ታዝላታለች።»

«እናትሽ እዚህ የለችማ።»

«እርስዎ አሉ።»

ትዕግሥት ጩኸቷን ጨመረች።

«ወንድ አያዝልም፣ ልጄ።»

«ለምን?»

አባቴ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ተጠይቀዋል፤ ይህን ግን የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ፣ «ያ አንቀልባ የት አለ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ጎንበስ ይበሉ። እንደሱ አይደለም፤ እንደ ስግደት። አሁን እግሯን በወገብዎ ዙሪያ ያዙልኝ። ሌላውንም! ማሰሪያውን በደረትዎ ላይ ያጠላልፉት። ይጥበቅ።»

«ልታንቂኝ ነው እንዴ!»

«እማዬ እንዲህ ስትታሰር አታማርርም።»

የሊቀ መንበሩ ባለቤት ሲስቁ ይሰማኛል። የአባቴ እግር ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይሰማኛል። ትዕግሥት ግን ትጮኻለች። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚጎረብጥ። አባቴ እሹሩሩ አያውቁም። የሚያውቁት በሠርግና በዘመቻ የሚያስገመግሙትን ቀረርቶ ብቻ ነው። እሱን ነበር እያለሰለሱ፣ ወደ ታች እየጎተቱ የሚያዜሙላት። ጠላትን የሚያሸብረው ዜማ ለሕፃን ማስተኛ ሆነ። ጩኸቱ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶው ወደ ሲቅሲቅታ ወረደ። ከዚያም ጠፋ።

ጥበቃው አላስቻለውም፤ ሄዶ አየ። «አባባ፣ ወንድ ልጅ ያዝላል እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«ጠብመንጃህን ስጠኝና አንተ እዘላት» አሉት።

እንባዬ መጣ። እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ዛሬም የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ሊቀ መንበሩ ኦቦ ገመዳ ከስብሰባቸው የተመለሱት ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ሽበታም፣ ድካም ፊታቸው ላይ የተነበበ ገበሬ ናቸው። ጥበቃው ክሱን አቀረበ፤ ያለ መታወቂያ መገኘት፣ የወል ንብረት መብላት። እኔ ወጥቼ ቆምኩ። አባቴ ትዕግሥትን እንዳዘሉ፣ ጋቢያቸውን ደርበውባት፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው መለሱ።

«በልተናል። እሸት የመንገደኛ ነው ብለን ነው። በልቶ ይሄዳል፣ ይዞ አይሄድም።»

ኦቦ ገመዳ አገጫቸውን አሻሹ። «በእኛም አገር እንደዚሁ ነው» አሉ። «ከያዛችሁ ግን ሌላ ነው። ይዛችኋል?»

«አልያዝንም!» አሉ አባቴ በኩራት።

ያኔ ሀብቴን አየሁት። ሸሚዙ ከነፍሰ ጡር ሆድ በልጦ ተነፍቷል። ኦቦ ገመዳም አዩት። ጠጋ ብለው ሸሚዙን ከቀበቶው መዘዝ ሲያደርጉት ባቄላው እግሩ ላይ ተዘረገፈ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም በሆዴ በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ይህ የማን ነው?» አሉ ኦቦ ገመዳ።

ሀብቴ ባቄላውን ሊለቅም ጎንበስ አለ። «የእማዬ ነው። እማዬ አልበላችም። ስብሰባ ላይ ናት።»

ኦቦ ገመዳ ልጁን አዩት፤ ከዚያ የራሳቸውን አቧራ የጠጣ ጫማ አዩ። ሳቃቸው ፈነዳ። «እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ አንድ ፍሬ ያመጣልኝ የለም!» ጥበቃውም ሳቀ፤ ሴትየዋ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። «ለናትየው ጨምርላቸው» አሉት ጥበቃውን። «የማኅበሩ ስጦታ ነው።»

«መታወቂያውስ?» አለ ጥበቃው።

ኦቦ ገመዳ በአባቴ ትከሻ ላይ ብቅ ያለውን የትዕግሥት አናት ጠቆሙ። «ልጅ አዝሎ የሚሸፍት ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

እቅፍ ሙሉ እሸት ይዘን ተሰናበትን። ኮልፌ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱት የሰፈር ሽማግሌዎች እንደወትሮው ተሰብስበዋል። ለአባቴ ክብር ተጨነቅሁ።

«አባባ፣ ሰፈር ደረስን። ልቀበልዎት።»

«ለምን?»

«ሰው...»

«ብትነቃብኝ ሰው መጥቶ ያስተኛልኛል?»

አለፉ። ዳማው ቆመ። አባቴ በጦር ሜዳ ድምፃቸው «እንደምን ዋላችሁ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉም ብድግ አሉ።

አስናቀች በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ሰናይትን አየች፣ ሀብቴን አየች፣ ባዶ ክንዴን አየች።

«ትዕግሥትስ? ጌጡ፣ ልጄን የት ጣልካት?»

አባቴ ቀስ ብለው ዞሩና ጋቢያቸውን ገለጡላት። ልጅቷ በአያቷ ጀርባ ላይ አፏን ከፍታ፣ ምራቋን እያዝረበረበች ተኝታለች። አስናቀች አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባባ! እርስዎ?»

«ልጅሽ ክፉኛ ታለቅሳለች» አሉ። «ያለ አንቺም ግን ትተኛለች። ዛሬ አየሁ።»

አስናቀች ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ተቀምጠው እንዳይመርቁ ሕፃኗ ልትነቃባቸው ነው፤ እንደቆሙ እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑ። «ሂጂ፣ ልጄ። እጅሽ ይባረክ። የዳሰስሻት እናት በሰላም ትገላገል። ከሄድሽበት ሁሉ ደስታ ይዘሽ ተመለሽ።» «አሜን» አለች። ከዚያ ወደኔ አዩና ጨመሩላት፤ «እኔም ጓዜን እፈታለሁ። እርሻውን የጌጡ ወንድም ይይዘዋል። ይኸ ሰው ስንዝር የምታህል ልጅ አቅፎ ሲሄድ ዳገቱን ሁሉ ሲያቃስት ነው የወጣው።»

አንባቢዎቼ፣ ሰው የሚለወጠው በትልቅ ነገር ይመስለን ነበር፤ በአዋጅ፣ በሰልፍ፣ በየሳምንቱ በተሰበሰብንበት ስብሰባ። እኔ ስለ ሴቶች እኩልነት ንግግር አድርጌ የተጨበጨበልኝ ሰው ነኝ፤ በዚያን ቀን አንቀልባውን ከዘንቢል ለማውጣት ግን አፍሬያለሁ። አባቴ ንግግሩን አልሰሙም፤ የሰሙት የልጅ ልቅሶና የሰናይትን «ለምን?» ነው። ከዚያ እሑድ በኋላ እኔም አዝያለሁ፤ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ በር ላይ፣ በኋላም በጠራራ ፀሐይ ጦር ኃይሎች ድረስ። ተማሪዎቼ ሳቁ፤ ሳቁም አለቀ። ወጣት አባቶች ሆይ፣ ክንዳችሁን አታድክሙ። ጀርባ የተሠራው ለዚህ ነው።

አስናቀች ሥልጠናዋን ጨርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ያዋለደችው በጓሮ በኩል የሚዋሰኑንን የባለሱቁን ባለቤት ነው። እሑድ ጠዋት ነበር። እኔ ከእግር እግር ስንቆራጠጥ፣ አባቴ አጥሩ ስር ትዕግሥትን እጇን ይዘው እርምጃ ያለማምዷታል። እልልታ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆመ። እንደምታውቁት ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው ወጉ።

አባቴ ቀና አሉ። «ምነው አቋረጣችሁት?» ብለው በአጥሩ ላይ ተጣሩ።

«ሴት ናት፣ አባባ!» አለች አስናቀች ከውስጥ።

«ሴት መሆኗንማ ሰማሁ። ጨምሩ ነው የምላችሁ!»

ሴቶቹ እየሳቁ እስከ ሰባት አደረሱት።